እትዬ ወንበሯ ላይ ነበረች

እኔ ካሜራ ገጣሚ ነኝ። ሰፈሩ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ካሜራው» ነው የሚለኝ። ሚስቴ ሳትቀር ስትቆጣ «ስማ አንተ ካሜራው» ትለኛለች። ይህን የማወራው ስለ እትዬ ነው። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ልናገረው ብዬ ነው፤ ጥፋቱ ውስጥ እጄ አለበታ። እጄ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ እስከ ክንዴ ገብቼበታለሁ።

እትዬ አስታማሚ ናት። አልጋ የያዘ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያለበት ቤት ሁሉ እሷን ይፈልጋል። ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ታገላብጣለች፣ መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች። ከዚህ በፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ከፊቷ ክር የሚጠነጥን ማሽን በረድፍ ይሽከረከራል፤ አንዱ ክር ሲሳሳ ወይም ሲበጠስ ማንም ሳያይ እሷ አይታ ታስቆማለች። «ዐይኔን ካነሳሁ አለቀልኝ» ትላለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ጓደኞቿ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እሷ ወንበር ስባ የአለቃው ቢሮ በር ላይ ተቀመጠች። የሥራ ምስክር ወረቀቷን ሳትይዝ እንደማትነሳ ነገረችው። ሰውዬው ለምሳ ልውጣ ቢል በእሷ ላይ ተራምዶ ካልሆነ መንገድ የለውም። ጻፈላት። አንብባ መለሰችለት፤ «"ያለ ነቀፋ" የሚለው የታለ?» አለችው። ጨመረላት።

ከዚያ አማቷ አልጋ ላይ ወደቁ። ስድስት ዓመት አስታማ ቀበረቻቸው። እንዴት እንደያዘቻቸው ያየ ሰው ሁሉ «የኔንም እናት»፣ «የኔንም አባት» ይላት ጀመር። በዚህ ሥራ እንግዲህ ምስክር ወረቀት የሚባል የለም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግረው ስም ብቻ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሏት «ከመቃብር በላይ ምን ያደርግልኛል? እኔ አሁን በቁሜ ነው የሚያስፈልገኝ» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ደግሞ ጉድ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስቃ እኔ ታች ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሰምቻታለሁ።

ሦስተኛው ፎቅ የኢንጂነሩ ቤት ነው። ኢንጂነሩ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ነው የሚኖረው። አባቱን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። አምና ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ለኢንጂነሩ አንዲት ታናሽ እህት አለችው፣ አስተማሪ ናት፤ ቀን ክፍል ውስጥ ናት፣ ማታና እሁድ እሷ ታስታምማለች። የቀረውን ስድስት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ እትዬን ቀጠሩ።

አባባ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። የሚተኙት ጠዋት ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ነው፤ እሱንም በአንድ መላ ብቻ። መላውን ያገኘችው እትዬ ናት። ከአልጋቸው አጠገብ ያለችው ደረቅ ወንበር ላይ ትቀመጥና መዳፏን ከደህናው እጃቸው ሥር ታስገባለች። እጇ ከተንቀሳቀሰ ብን ብለው ይነቃሉ። ከነቁ ቀኑ ተበላሸ፤ አይበሉም፣ መድኃኒቱን ይተፉታል፣ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ስለዚህ ያቺ ሳቋ ፎቅ የሚያናውጥ ሴት ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ንቅንቅ ሳትል ትቀመጣለች። ከመቀመጧ በፊት የመስመር ስልኩን ገመድ ትነቅላለች፣ የራሷን ስልክ ኩሽና ትተዋለች። ይህን ለልጆቹ ነግራቸዋለች? አልነገረችም! በኋላ ስጠይቃት «ሥራዬን እየሠራሁ ምን ያስለፈልፈኛል?» አለችኝ። እኔ ብሆን በየቀኑ አስወራው ነበር።

ኢንጂነሩ ሱቄ የመጣው እሷ በገባች በወሩ ገደማ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ ገና በሩን ሲያልፍ። «ሴትዮዋን አላማትም፤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ሰው አላማም ሲል ሊያማ መሆኑን አውቃለሁ።

«ስንት ቀን ቅጂ እንዲይዝልዎ ይፈልጋሉ?» አልኩት።

«ሦስት ወር።»

«ጥራቱስ?»

«ከፍተኛው ነዋ! የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ መነበብ አለበት።»

ይህን ብሎ ከቦርሳው አንድ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ አወጣ፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወለቀ። የቁምጣ ጨርቅ ይዞ መጥቶ ሙሉ ሱሪ ስፋልኝ ማለት ነው። አስረዳሁት። ካሜራው በዚያ ጥራት ቀኑን ሙሉ ያለማቋረጥ ከቀዳ ዲስኩ በሳምንት ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀዳል። ጥራቱን ዝቅ ካደረግን፣ በሰከንድ የሚያነሳውን ምስል ከቀነስን፣ ወር ይደርሳል። ሁለቱንም እምቢ አለ።

ያን ጊዜ ነው ለአርባ ቤት የሸጥኳትን ብልሃቴን ያወጣሁት። «እንግዲያው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይቅዳ። ሰው ሲንቀሳቀስ ይጀምራል፣ እንቅስቃሴው ከቆመ ከአሥር ሰከንድ በኋላ ያቆማል። ባዶ ክፍል መቅዳት ምን ይሠራል? ሌባ እንደሆነ ቁጭ ብሎ አይሰርቅም!» በዚህች ቀልድ ያልሳቀ ደንበኛ የለኝም። እሱም ሳቀ።

ልገጥም ስሄድ መሰላሉን የያዘችልኝ እትዬ ናት። ካሜራውን አባባ ክፍል፣ ከመስመር ስልኩ በላይ ካለው መደርደሪያ አናት ላይ አደረግኩት፤ አልጋውም በሩም እንዲታይ። «ይሄ ነገር ለአባባ ነው ለኔ?» አለችኝ። መሰላል ላይ እንዳለሁ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠልኩ። «ተወው፣ ገባኝ። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሳይ ነው የኖርኩት፤ ይየኝ» አለችና መሰላሉን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

በሦስተኛው ቀን ኢንጂነሩ ደወለ። መጋረጃው በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ስልኩ ማስጠንቀቂያ እየጮኸ ስብሰባ ላይ አሳፍሮታል። «አደብ አስይዝልኝ» አለኝ። ሄጄ የካሜራውን ንቃት ዝቅ አደረግኩት፣ ትልልቅ እንቅስቃሴ ካልሆነ እንዳይቆጥር። ልብ በሉ እንግዲህ፤ የመጋረጃ ውዝዋዜ የማይቆጥር ካሜራ የተቀመጠች ሴት ትንፋሽ አይቆጥርም። ይህን ያኔ ባስበው ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ካሜራው በተገጠመ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ «ቶሎ ና! ቅጂውን በሙሉ ገልብጠህ ትሰጠኛለህ» ብሎ ደወለልኝ። ስሄድ እህቱም ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጥታለች። እትዬ ሳሎኑ መሃል ቆማለች። ሹራቧን እንኳ አላወለቀችም።

«ካሜራዬን እየነቀለች ትወጣለች!» አለኝ ኢንጂነሩ። «በየቀኑ! ሽባ ሽማግሌ ብቻውን ጥላ!»

መቅጃው ሳጥን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው የተገናኘው። ማስረጃውን ደረደረልኝ። የየቀኑ መስመር ይታያል፤ የተቀዳው ሰዓት ሰማያዊ ነው፣ ያልተቀዳው ባዶ። ከአራት እስከ ስድስት ተኩል ሁልጊዜ ባዶ ነው። እትዬ በማትገባበት እሁድ ግን ሰማያዊ ነው። በእነዚያ ሰዓቶች ቤት ሲደውል የሚያነሳ የለም፤ የእሷም ስልክ ይጠራል እንጂ አይነሳም። በመጨረሻ ደግሞ «ዋናውን ተመልከት» አለና ስልኩን ሰጠኝ። አጭር ቪዲዮ ነው። እትዬ ወደ ካሜራው ትመጣለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ክንዷ ከካሜራው ሥር ይገባል፣ አለቀ።

ይቺን ቪዲዮ በዋዜማው ማታ ለቤተ ዘመዱ በሙሉ በስልክ ቡድናቸው ልኳታል፤ ሠላሳ አራት ሰው። እትዬን ከየቤቱ ለሚያገናኘው ለአስታማሚ ደላላም ልኮለታል፣ «ይቺን ሴት ማንም ቤት እንዳታስገባ» ከሚል ጽሑፍ ጋር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እትዬ ማታ ምንም ሳታውቅ ተኝታ አድራለች። የሰማችው ጠዋት ደረጃውን ስትወጣ ነው። ደላላው ደውሎ «ከእንግዲህ በኔ በኩል ቤት አትጠብቂ» ብሏት ዘጋው። የስንትና ስንት ዓመት ስም በአንድ ደረጃ ላይ አለቀ።

አስተማሪዋ ለማባበል ሞከረች። «እትዬ፣ ሰው ነሽ፣ ደክሞሽ ይሆናል። እውነቱን ንገሪንና በሰላም እንለያይ። አናዋርድሽም።»

«አዋርዳችሁኝ ከጨረሳችሁ በኋላ?» አለች እትዬ። «ሠላሳ አራት ሰው ፊት አስጥታችሁኝ አናዋርድሽም?»

«ተሳስተን ከሆነም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ታገሺ...»

«እያደር አይደለም! አሁን ይጥራ! እዚሁ፣ ዛሬ፣ እኔ ከዚህ ቤት ሳልወጣ ይጥራ! እኔ ንጋት የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም!»

እኔ ያን ባዶ መስመር ገና ሳየው ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አልዋሻችሁም፤ መጀመሪያ ያሰብኩት እትዬን አልነበረም። አርባውን ቤት ነው ያሰብኩት። «ካሜራው የገጠመው ዕቃ ያለውን ሰው የለም ይላል» ከተባለ በኔ ሱቅ ደጅ የሚያልፍ የለም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ቅጂውን ገልብጦ መሄድ ነው። እትዬ ዞር ብላ አየችኝ።

«ይሄን ዕቃ የሰቀልከው አንተ ነህ» አለችኝ። «እኔ ያን ሰዓት ወንበሬ ላይ ነኝ። ለምን እንደማያሳየኝ ታውቃለህ ወይስ አታውቅም? ካላወቅህ አላውቅም በል። ካወቅህ አፍህን ክፈት።»

ደሜ ፈላ፤ በእሷ አይደለም፣ በራሴ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ከዚያ አላቆምኩም። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ያደረግኩት እኔ መሆኔን፣ ንቃቱን ያደነዘዝኩት እኔ መሆኔን፣ ሰው ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ ካሜራው እንደሌለ እንደሚቆጥረው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«በሬ ወለደ!» አለ ኢንጂነሩ። «ሁለት ሰዓት ተኩል የማይነቃነቅ ሰው የት አለ? ድንጋይ ናት? ክንዷስ? ምን ነበር የምትነቅለው?»

«ስልኩን!» ብላ ጮኸች እትዬ። «አባትህን እንዳይቀሰቅስ ስልኩን!»

ዋናውን ቅጂ ከሳጥኑ ከፈትኩት። እሱ የላከው ቪዲዮ ክንዷ ሲገባ ያበቃል፤ እዚያ ላይ የቆረጠው እሱ ነው። ሰው የሚፈልገውን ካገኘ ቀሪውን አያይም። ቀሪው ግን አለ። ክንዷ ተመልሶ ይወጣል፣ የስልኩን ገመድ ጫፍ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች፣ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ መዳፏን ከአባባ እጅ ሥር ታስገባለች። ከዚያ ምንም አይንቀሳቀስም። አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ ይቋረጣል።

«ካሜራውን ነቅላው ከሆነ ይህን ማን ቀዳው?» አልኩት።

«እሺ፣ ከዚያ በኋላ ወጥታ ቢሆንስ?»

እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ስወጣ የታለሁ? ስመለስስ የታለሁ? ጠዋት ስገባ ያየኝ ካሜራ ስወጣ ዐይኑን ጨፈነ? ወይስ በመስኮት በረርኩ? ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ኢንጂነር! ዕድሜዬን ተመልከት፣ ጉልበቴን ተመልከት!»

ግን ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም፤ «የካሜራው ችግር መሆኑን በዐይኔ ካላየሁ አላምንም» አለ።

«ታያለህ» አለችው። «አራት ሰዓት ደርሷል፣ አባባ መተኛት አለባቸው። መጀመሪያ አንተ ግባና አስተኛቸው። ልጃቸው አይደለህ?»

ቴሌቪዥኑ ላይ በቀጥታ የሚታየው ምስል ሁልጊዜም አለ፤ ሲቀዳ ግን ጥጉ ላይ ቀይ ነጥብ ትበራለች። ኢንጂነሩ ገብቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ቀይ ነጥቧ በራች። እጁን ከአባቱ እጅ ሥር አስገባ። አፍንጫውን አከከ። እግሩን አነባበረ፣ መልሶ አወረደ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ፣ አወጣ፣ አየ፣ መለሰ። አባባ ዐይናቸውን ፈጠው ጣሪያውን ያያሉ። ቀይ ነጥቧ ሩብ ሰዓት ሙሉ አልጠፋችም። እትዬ ከሳሎን ሆና አትስቅም፤ እጇን አጣምራ ታያለች። መጨረሻ ላይ አባባ ማልቀስ ሲጀምሩ ሹራቧን አውልቃ ገባች፣ ትከሻውን ነካ አደረገችው፣ ተነሳ።

የስልኩን ገመድ ነቀለች። ተቀመጠች። መዳፏን አስገባች። ቀይ ነጥቧ በርታ ቆየች፣ ቆየች፣ ጠፋች።

ኢንጂነሩ ወደ ሳሎን መጥቶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። እትዬ ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊቱ አለች። ቀይዋ ነጥብ የለችም። መስመሩን አሳየሁት፤ ባዶ ሆኖ እየረዘመ ነው። «ይኸው፣ አሁን የለችም» አልኩት። «አየሃት? የለችም!» እርስዎ ማለቱ ከአፌ ጠፍቷል። ቆሽቴ አሮ ነበርና ሌላውንም ተናገርኩት። «አንድ ቀን በስብሰባ መሃል በቀጥታ ከፍተህ ብታያት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የቆየውን ቅጂ እየፈተሽክ እሷን ስትፈልግ ከረምክ። እኔ አሁን ስፈትሽ አንተን ፈለግኩህ። በሠላሳ ስምንት ቀን ሁለት ጊዜ አለህ፤ ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ ቆመህ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ ዘጋው። እህቱ ከጎኑ ተቀመጠች። አባባ እስኪነሱ ድረስ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ሲያዩ ዋሉ። እትዬ አልተንቀሳቀሰችም፤ አንድ ጊዜ ዝንብ ግንባሯ ላይ አርፋ ስትሄድ ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም። አስተማሪዋ ይህን ስታይ አለቀሰች። «እኛ በየእሁዱ አይተኛም ብለን ማስታገሻ ልናስጽፍለት ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ።

ስድስት ተኩል ላይ አባባ ነቁ። እትዬ አጠበቻቸው፣ ሾርባቸውን አበላቻቸው፣ መድኃኒታቸውን ሰጠች፣ አፋቸውን ጠረገች። ከዚያ «ና ካሜራው» ብላ ጠራችኝ።

ኢንጂነሩ ቀድሞኝ ገባ። «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁኑኑ ይነሳል፣ ነቅሎ ይወስደዋል።»

«ምን ሲደረግ! አይነሳም!» አለች። «ስሜን ያጠፋው በዚህ ነው፣ ስሜን የሚመልሰውም በዚህ ነው። ካሜራው፣ ያለማቋረጥ እንዲቀዳ አድርገው።»

«ዲስኩ በሳምንት ይሞላል፣ እትዬ።»

«ይሙላ! ድምፅ ይቀዳል?»

«ይቀዳል፣ ዘግቼው ነው።»

«ክፈተው። ጥራቱም ከፍ ይበል፣ የኢንጂነሩ ፊት በደንብ ይታይ። ያኛው ቪዲዮ ለሁሉም ተከፍቷል?»

አስተማሪዋ ናት የመለሰችው፤ አንገቷን ደፍታ። ሁለቱ ትልልቅ አክስቶች ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ ቪዲዮው አልተከፈተላቸውም። ጽሑፉን ብቻ አንብበው ነው እትዬን የረገሟት። ይህን ስሰማ ራሴን ያዝኩ። አዲሱ የቪዲዮ አጨማመቅ ቦታ ይቆጥባል ብዬ ያደረግኩት እኔው ነኛ፤ አሮጌ ስልክ ግን አያነበውም።

«የሚከፈት አድርገው» አለችኝ። «ቦታ ይፍጅ። በአሮጌውም በአዲሱም፣ በአክስትም በአጎትም ስልክ የሚከፈተውን።» ወደ ቆየው አጨማመቅ መለስኩት፤ ማንኛውም ስልክ በሚያውቀው ዓይነት እንዲያወጣው አዘጋጀሁት። ከዚያ እትዬ ወንበሯን ወደ ካሜራው አዞረችና ኢንጂነሩን በጣቷ ጠቆመችው። ተቀመጠ። አባባ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ትራስ ተደግፈው ያያሉ።

«እ... በቴክኒክ ችግር ምክንያት አንዳንድ አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር» ብሎ ጀመረ።

«ማን ፈጠረው?» አለች እትዬ። «ድገም።»

«ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ቅንብሩን ባግባቡ ስላላደረገው...»

እውነት ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ፤ ግን እንዴት እንደቆሰቆሰኝ! አፌን ልከፍት ስል እትዬ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «እሱ የራሱን ተናግሯል። ሳይለመን። አንተ ያንተን ተናገር። ድገም።»

አላጣደፈችውም፤ ዲስኩ እንደሆነ ይቀዳል። ኢንጂነሩ አባቱን አየ፣ ከዚያ ካሜራውን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ትናንት የላክሁላችሁን ቪዲዮ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ክንዷ ላይ ቆረጥኩት። የነቀለችው ስልኩን ነው፣ አባታችን እንዲተኛ። ጥላው አልሄደችም፣ አንድም ቀን። ወንበሯ ላይ ነበረች።» ቀና ብሎ እትዬን አየ። እትዬ አልረዳችውም። «ያልነበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«በቃ» አለች።

ለሠላሳ አራቱም ራሱ ላከው፤ እኔም እህቱም እንድንነካው አልፈቀደችም። ቀጥሎ ለደላላው። እኔ በዚያው ሳምንት አርባውንም ቤት ዞሬ ከፈትኩ፣ አስረዳሁ፣ ተሰደብኩ፤ ዘጠኝ ደንበኛ ሄደብኝ፣ ይሂድ። ያን ቀን ግን ዕቃዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል የእትዬ ስልክ ኩሽና ውስጥ ጮኸ። አምጥታ አየችው፤ ደላላው ነው። ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጋ ከፈተችው።

«እትዬ! እንዴት ነሽ እናቴ? ስሚ፣ ሁለት ጥሩ ጥሩ ቤት አለኝ፣ ምረጪ...»

«ቤት አልጠየቅኩህም፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው። «ጠዋት ለስንት ሰው ነው ስሜን ያነሳህብኝ?»

«አይ፣ እሱ እንኳ... ስድስት ይሆናሉ።»

«ስድስቱንም ደውልላቸው። አንድ በአንድ። ስትጨርስ ለኔ ትደውልና የእያንዳንዳቸውን መልስ ትነግረኛለህ። እስከ ማታ እዚሁ ነኝ።»

ስልኩን ዘጋችና የአባባን ትራስ አስተካከለች።